እናቴ የውሃ አባት ስትሆን

እናቴ የውሃ አባት ሆና መመረጧን የነገረኝ አጎቴ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ቀየት ከተማ ገበያ በግ ሸጦ ወደ መንደር ከመመለሱ በፊት እኔ እዚያው ለትምህርት የተከራየኋት ክፍል ድረስ መጣና፣ ገና ሳይቀመጥ ዱላውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ ይስቅ ጀመር። ምን ተገኘ ስለው፣ «እናትሽን ትናንት የውሃ አባት አደረግናት» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ። እሱ ግን ሳቁን ጨርሶ ሲቀመጥ ነገሩ እውነት መሆኑ ገባኝ።

በእኛ አገር የውሃ አባት የሚባለው የመስኖ ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ፣ ተራው ለማን እንደሚደርስ፣ መቼ ደግሞ እንደሚዘጋ የሚወስነው ሰው ነው። የውሃ ማኅበሩ አባላት ናቸው የሚመርጡት። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ሥራ የያዘች ሴት አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እናቴ ደግሞ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ስትፈትል እንጂ እጇን አውጥታ ስትናገር ያያት ሰው የለም።

ውሃው ሐይቅ የሚባለው በእኛ ዘንድ ብቻ ነው። ሁለት ጉብታዎች በሚቀራረቡበት አንገት ላይ፣ የአገሩ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ መንግሥት ሲሚንቶ አምጥቶ የተሠራ ግድብ አለ። ሐይቅ የምንለው ከግድቡ ጀርባ የተኛውን ውሃ ነው። እንግዳ ሰው ሲያየው ትልቅ ኩሬ ነው ይላል። እኛ ግን የዱር ዝይ የሚያርፍበት፣ ነፋስ ሲነሣም ዳሩን የሚመታ ውሃ በአካባቢያችን ሌላ ስለሌለን ሐይቅ ብለነዋል፤ ከተማ ለሚያገኙኝ ሰዎችም «ከሐይቁ አጠገብ ነው ያደግሁት» ስል ደስ ይለኛል።

የሐይቁ ሰው ሁለት ወገን ነው። ላዮች የምንላቸው ከሐይቁ ራስጌ፣ መስኩ ላይ ከብትና በግ የሚያረቡት ናቸው። ውሃው ሲሞላ መስካቸው ውስጥ ስለሚገባ ዝቅ ብሎ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። ታቾች ከግድቡ በታች በመስኖ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ገብስ የሚያለሙት ናቸው። ለእነሱ ሐይቁ የሚጠቅመው እስከ አፉ ሲሞላ ነው፤ በክረምት ያልተያዘ ውሃ በበጋ አይገኝም። በመካከላቸው ያለው አንድ የብረት መዝጊያ ነው። እንደ መኪና መሪ ክብ ስለሆነ ሰዉ «መሪው» ይለዋል።

የቀድሞው የውሃ አባት ሸምግለው ጉልበታቸው ግድቡን መውጣት ስላቃተው ሥራውን መለሱ። አጎቴ እንደነገረኝ በምርጫው ቀን ላዮቹ የታቾቹን ሰው አንቀበልም አሉ፣ ታቾቹም የላዮቹን። ፀሐይ ወደ ማዘንበል ስትል አንድ ሰው የእናቴን ስም አነሣ። እናቴ ከአባቷ የወረሰችው መስክና ቁራጭ የገብስ መሬት ከሐይቁ ራስጌ ነው፤ ከአጎቴ መሬት ጋር በአንድ ካብ ተከልሏል። ከሟቹ አባቴ የቀረላት መሬትና የምንኖርበት ቤት ግን ከግድቡ በታች ነው። ላዮቹ የእኛ ልጅ ናት ብለው አጨበጨቡ፤ ታቾቹም የእኛ ጎረቤት ናት ብለው አጨበጨቡ። አጎቴም ያን ያህል የሳቀው እህቱ መሪውን ስለያዘች መስኩ ከእንግዲህ ውሃ የማይነካው መስሎት ነበር።

አንዳንዶች የውሃ እናት ትባል ብለው ነበር አሉ። እናቴ ያን ዕለት ከተናገረችው ሁሉ ሰው እስካሁን የሚያስታውሰው ለዚህ የመለሰችውን ነው። «እናት ካላችሁኝ ሁላችሁም እንድራራላችሁ ትጠብቃላችሁ። አባት በሉኝ» አለቻቸው።

ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ የመሪውን ቁልፍ አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር በአንድ ክር አስራው አገኘኋት። የመሪው ሰንሰለት የሚቆለፍበት ትንሽ ቁልፍ ነው። ለምን ተቀበልሽ አልኳት። እሷም እምቢ ልል ስነሣ ሰዉ እየተነሣ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ የበጎቹን በረት ልትጠርግ ወጣች።

የዚያ ዓመት ክረምት ኃይለኛ ነበር። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ጉሙ ረፋድ ላይ እንኳ አይነሣም፤ ሐይቁ በየቀኑ እያበጠ የመስኩን ሳር ከግርጌው ይውጠው ጀመር። አጎቴ የዝናብ ገሳውን ለብሶ መጣና መሪውን እንድትከፍት ጠየቃት። አብረው ሄደው ዳሩን አዩት። ተመልሳ ከፈተችው፤ ውሃውም እየጮኸ በቦዩ ወረደ። ላዮቹ መረቋት። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግን ዝናቡ ድንገት አቆመ። ቀኑ ጠራ፣ ሌሊቱ ቀዘቀዘ፣ ክረምቱ ቀድሞ የወጣ መሰለ። አሁን ታቾቹ በተራቸው ደነገጡ። ይህ ውሃ እንዲህ ከፈሰሰ በጥር ምን እናጠጣለን ብለው ተሰብስበው ደጃችን መጡ።

እናቴ ሽማግሌውን የውሃ አባት ቤታቸው ሄዳ አማከረቻቸው። እሳቸውም በሕይወታቸው ሁለቱንም አይተዋል፤ ቀድሞ የወጣ ክረምት እንደወጣ ሲቀር አይተዋል፣ ተመልሶ ሲመጣም አይተዋል። የዘንድሮው የትኛው እንደሆነ ግን እሳቸውም እንደማያውቁ ነገሯት። ስትመለስ ግድቡ ላይ ወጥታ ብዙ ቆመች። እኔ አብሬያት ነበርኩ። ክረምቱ የእረፍት ጊዜዬ ስለሆነ ቤት ነበርኩ። ከዚያ መሪውን ይዛ ማዞር ጀመረች፤ ስለከበዳት እኔም ያዝኩላት፤ ተጋግዘን ዘጋነው።

ዝናቡ መስከረም ላይ ተመልሶ መጣ። ብዙ አልነበረም፤ ሐይቁን ግን እስከ አፉ ሞላው። ከአፉ የተረፈው በግድቡ ማስተንፈሻ ፈሰሰ፣ ያልፈሰሰው መስኩ ላይ ተኛ። ጥቅምት ላይ ታጭዶ ድርቆሽ የሚሆነው ሳር ውሃ ውስጥ በሰበሰ። የእናቴ ቁራጭ ገብስም እዚያው ቀረች።

አጎቴ ከደጅ ቆሞ ነው የተናገራት። «የአባታችንን መስክ በገዛ እጅሽ አሰጠምሽው።»

«የእኔም ገብስ አለበት» አለችው።

«አንቺ ታች ሌላ አለሽ። እኔ ያለኝ እሱ ነው።»

እውነቱን ነበር። አጎቴ ዞሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት መምጣት ተወ። መስቀልን ለብቻው አከበረ። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ትከሻዬን ስሞ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠይቀኛል፤ ስለ እናቴ አይጠይቀኝም። እናቴም በበኩሏ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በእሱ ደጅ የሚያልፈውን አቋራጭ ትታ በግድቡ ዞራ መሄድ ጀመረች። ይህን ያወቅሁት ጫማዋ ላይ ሁልጊዜ የግድቡን ቀይ አፈር ሳይ ነው።

በጋው ሲገባ ግን እናቴን በሥራዋ ላይ አየኋት፤ እንዲህ ያለች ሴት አብራኝ ስትኖር እንዳላወቅኳት የገባኝም ያኔ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ በእኛ አገር ውርጭ ነው። ጠዋት ቦዩ ዳር ያለው ሳር ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ስትረግጪው ይንኮሻኮሻል። እናቴ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናዋን ደርባ፣ እንዝርቷን በብብቷ ይዛ፣ ፀሐይ ጉብታውን ሳታልፍ ግድቡ ላይ ትደርሳለች። መሪውን ትከፍትና ውሃውን እየተከተለች ትወርዳለች። ስልኳን በጣም ትወደው ነበር። የደወለችለት ሰው አጠገቧ ያለ እንኳ ቢሆን ድምጿን ከፍ አድርጋ ነበር የምታወራው። «ሃሎ! ውሃው ደጅህ ደርሷል፣ አንተ የት ደርሰሃል?» ስትል ከማዶ ሰዎች ይስቃሉ።

የተራ ጠብ ሲነሣ አትቆጣም። ቦዩ ዳር ትቀመጥና ትፈትላለች። ሁለቱ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ የበግ ጠጉሩን ታባዝታለች። ሲደክማቸው ቀና ብላ ማን ጨረሰ ትላቸዋለች። አንዴ አንድ ጎረምሳ ገበሬ የጎረቤቱን ውሃ በድንጋይ አግዶ ወደ ድንቹ ሲያዞር ደረሰችበት። ሁላችንም ትሰድበዋለች ብለን ስንጠብቅ፣ ድንጋዩን አንሥታ እጁ ላይ አስቀመጠችውና ይህን ይዘህ ግድቡ ድረስ ተከተለኝ አለችው። ወስዳ ከግድቡ ጎን ዝናቡ የሸረሸረውን ቦታ አሳየችውና እዚያ አስቀመጠው። በሚቀጥለው ቀን ሌሎች ድንጋዮች ይዞ መጥቶ የተሸረሸረውን ሞላው። ይህን ስታወራ በልጁ ትኮራ ነበር እንጂ በራሷ አልነበረም።

ጥር ሲገባ ሐይቁ በጣም ጎደለ። የበጋ ምንጮቹ ደርቀው የሚገባለት ውሃ አልነበረም፤ የሚወጣው ግን በየቀኑ ይወጣል። ዳሩ ወደ ውስጥ ሸሸ። ከዱሮው ዳር እስከ ውሃው ድረስ የተሰነጠቀ ጭቃ፣ ከዚያ ደግሞ እግር የሚውጥ ጥቁር ረግረግ ሆነ። ጥምቀት ደግሞ ደርሷል። ታቦቱ የሚያድረው፣ ሕዝቡ የሚጠመቀውም ከሐይቁ ዳር ካለው ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ የደብራችን ቄሰ ገበዝ እኛ ቤት መጡ። እሳቸው የእናቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ አባቴ ሲሞት የፈቱት፣ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። ቤታችን ሲመጡ ሁልጊዜ ቀልድ ይዘው ነው። ያን ዕለት ግን ቀልድ የለም፤ መስቀላቸውን አሳልመው ተቀመጡ። ጠላ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም።

«ልጄ፣ ከተራ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«ታቦት የሚወርድበት ዕለት ነው፣ አባቴ።»

«ስሙ የመጣው ውሃ ከመከተር ነው። አባቶቻችን ወንዙን ከትረው፣ ውሃውን አጠራቅመው ነበር ታቦቱን የሚቀበሉት። አንቺ ደግሞ የተከተረውን ውሃ በከተራ ሰሞን ትለቂያለሽ።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። ቀስ ብላ ነገሩን አስረዳቻቸው። ነጭ ሽንኩርቱ ራስ የሚቋጥረው አሁን ነው። በዚህ ሰሞን ውሃ ካጣ በኋላ ሐይቁን ሙሉ ቢያጠጡት አይመለስም። መሪውን ብትዘጋውም ደግሞ ውሃው ባለበት ይቆማል እንጂ ወደ ዱሮው ዳር አይወጣም። «መዝጋት አልችልም፣ አባቴ» አለች በመጨረሻ። እናቴ ለእሳቸው አልችልም ስትል የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ታዲያ ታቦቱ ጭቃ ላይ ይቁም?» አሉና ተነሡ።

እስከ አጥሩ ሸኘናቸው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው በፀሐዩ ውስጥ ሲሄዱ ዞር ብለው አላዩንም። እናቴ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ወንድሟ ቀርቷታል፤ አሁን ደግሞ የነፍስ አባቷ። ቁልፉን ለማኅበሩ ብትመልሺስ አልኳት። እሷም፣ «ለማን ልስጠው? የሚቀበለኝ ሰውም ያው ነው የሚያደርገው፤ ያ ሰው ግን የሚሰደበው በእኔ ፋንታ ነው» አለችኝ።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመች። እኔም ከጎኗ ቆምኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ለማስተማር ወጡ። ድምፃቸው ትንሽ ጎርንኖ ነበር። ስለ ጥምቀቱ ጀመሩ። ጌታ ዮሐንስን ወደ እኔ ና ሳይል ራሱ እንደሄደ፣ ይህም ትሕትናን ሊያስተምረን እንደሆነ ተናገሩ። ይህን በየዓመቱ ይናገሩታል፤ ሰዉም በየዓመቱ ይሰማዋል። ከዚያ ግን መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ጌታችን ወደ ዮርዳኖስ ወረደ። ወንዙን ወደ እኔ ውጣ አላለውም» አሉ። «እኔ ግን በዚህ ሳምንት ውሃው ወደ እኔ እንዲወጣ አምሮኝ አንዲት ሴት አስጨንቄያለሁ። ዘንድሮ ታቦቱ ውሃው ወዳለበት ይወርዳል። ታቦት ደግሞ በጭቃ ላይ አይሄድም። መንገዱን እናንተ ሥሩ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ እናቴን አያት። እሷ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ ጠፍታ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ቄሰ ገበዙ ራሳቸው መጥተው መስቀል አሳለሟትና፣ የቅዳሜው ጠላ ካለ ዛሬ እጠጣዋለሁ አሏት። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች።

መንገዱ የተሠራው ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ከዱሮው ዳር ጀምሮ እስከ ውሃው ድረስ ለታቦቱና ለካህናቱ የሚበቃ ስፋት ያለው የድንጋይ ንጣፍ ማንጠፍ ነበር ሥራው። ከሥሩ ጭድና የጥድ ቅርንጫፍ፣ ከላዩ ድንጋይ። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ስለፈቀደልኝ ረቡዕ እኔም ሄጄ ነበር። ታቾቹ ወንድ ሴት ሳይሉ መጥተዋል፤ ውሃው የሚለቀቀው ለእነሱ ስለሆነ ማንም አልቀረም። ከላዮቹ ግን የመጡት ጥቂት ናቸው። የሚቀርበው ድንጋይ ያለው ደግሞ በእነሱ በኩል ነው። ሴቶቹ ከሩቅ በጀርባቸው እያመላለሱ ደከማቸው፤ ንጣፉም መሀል ደርሶ ቆመ። በሶ ተበጥብጦ ለሰዉ እየታደለ ሳለ ከመስኩ በኩል አህዮች ሲመጡ አየን። ከኋላቸው አጎቴ ነበር።

አህዮቹ ድንጋይ ተጭነዋል። ድንጋዮቹ ጠፍጣፋና ባለ ማዕዘን ናቸው፤ ግማሾቹ የደረቀ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዘዋል። አጎቴ ማንንም ሳያናግር ማራገፍ ጀመረ። እናቴ በሶዋን አስቀምጣ ተነሣችና አንዱን ድንጋይ በእጇ ጠረገችው።

«ይሄ የአባባ ካብ አይደለም?»

«ነው» አላት ሳያያት።

«ለምን አፈረስከው?»

«ውሃው ነው ያፈረሰው። እኔ ያነሣሁት የወደቀውን ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ ጎኑን በእጁ ደገፈ። «እዚያ እንቁራሪት ነው የሚቀመጥበት። እዚህ ሰው ይርገጠው፤ ታቦት ይለፍበት።»

እናቴ የጠረገችውን ድንጋይ አቅፋ ቆማ ቀረች። አያቴ ያን ካብ ሲክቡ እሷና አጎቴ ልጆች ሆነው ጠጠር ያቀብሉ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። አጎቴ ግን ትልቁን ድንጋይ ወደ ጭቃው እያንከባለለ ወሰደውና ከንጣፉ ጫፍ ሲደርስ ዞረ።

«እታለም፣ ይሄኛውን የት ላድርገው?» አላት።

እታለም የሚላት ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ከመስከረም ወዲህ ከአፉ አልወጣም ነበር። እሷም ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባችና በጣቷ አሳየችው። እስኪመሽ ድረስ አብረው አነጠፉ። ብዙም አላወሩም፤ የተነጋገሩት ስለ ድንጋዩ ብቻ ነው፤ ወደዚህ ገፋ፣ ይህ ይነቃነቃል፣ ጠጠር ስጠኝ። አህዮቹ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልቆጠርኩም፤ ከእነሱ በኋላ ግን ሌሎች የላዮች አህዮችም መጡ።

የከተራ ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ታቦቱ በዣንጥላና በከበሮ ታጅቦ ከደብሩ ሲወርድ እኔ ከሰንበት ተማሪዎቹ ኋላ ነበርኩ። ከዱሮው ዳር ሲደርሱ ሰልፉ ቆመ። ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ስለሆነ እግር በልማድ ነው የቆመው። ቄሰ ገበዙ ከፊት ነበሩ። ንጣፉን አዩት፤ መጀመሪያ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ሞከሩት። ከዚያ ወረዱ፤ ታቦቱም ተከተለ። እናቴ ንጣፉን ከመርገጥ ይልቅ ጭቃው ዳር ቆማ ድንጋዮቹን ታያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው ወይስ ድንጋይ እንዳይነቃነቅ እየፈራች፣ አላውቅም። አንድም አልተነቃነቀም። ታቦቱ ከንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ውሃው አጠገብ በተተከለው ድንኳን አደረ። በነጋታው ቄሰ ገበዙ ውሃውን ባርከው ሲረጩ እናቴን ለይተው ከፊት አስቀርበው ራሷ ላይ አብዝተው ረጩባት፤ በብርዱ ተንቀጠቀጠች፤ ሰዉም እልል አለ። ታቾቹ ያን ዕለት ጠዋት ሽንኩርታቸውን አላጠጡም፤ ተዉ ያላቸው ግን አልነበረም።

የጥምቀት ሳምንት ካለፈ በኋላ እናቴ ማኅበሩን ሰበሰበች። ስብሰባውን ራሷ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። ስለ ወንድሟ መስክ አነሣች። ወንድሜ ስለሆነ አይደለም አለች፤ የእኔም ገብስ ስለጠፋ አይደለም። ውሃውን የያዝነው ለታቾቹ ነው፤ ውሃው የተኛው ግን በላዮቹ ሳር ላይ ነው። ይህን ያህል ተናግራ ተቀመጠች። ረጅም ጭቅጭቅ ተነሣ። ከታቾቹ አንድ አዛውንት፣ ከመስኖ ገብሳችን ገለባ እናዋጣ አሉ። ሌላው በገለባ ብቻ ከብት አይከርምም አለ። በመጨረሻ አጎቴ ተነሣ። ሐይቁ ሲሸሽ የሚተወው ዳር እርጥብ ስለሆነ በየካቲትና በመጋቢት ሳር ያበቅላል፤ ያን ለላዮች ስጡን፤ ግን ከብት አይግባበት፣ በማጭድ ይታጨድ፤ ከብት ከገባ አፈሩን ረግጦ ደለሉን ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል አለ። ሰዉ ተያየ። ገለባውም ይዋጣ፣ ዳሩም ለላዮች ይሁን ተባለ።

ይህ ሁሉ ያለ ጠብ ይሄዳል ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ገለባውን ያላዋጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሌሊት ከብቱን ዳሩ ላይ ያሰማራም ተገኝቷል። የቦዩ ደለል በሚጠረግበት ቀንም በየዓመቱ አመመኝ ብሎ የሚቀር ሰው አይጠፋም። ግን በነሐሴ፣ መሪው ይዘጋ አይዘጋ የሚለው ጊዜ ሲመጣ፣ እናቴ መጀመሪያ የምትደውለው ለአጎቴ ነው። ግድቡ ላይ ይገናኛሉ። እሱ ወደ መስኩ ያያል፣ እሷ ወደ ቦዩ ታያለች፤ ይጨቃጨቃሉም። ባለፈው ክረምት አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እሱ ጥቂት ቀን ጠብቂ አላት፤ እሷ ዛሬ ይዘጋ አለች። ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ አጎቴ ራሱ መሪውን ያዘና ሊዘጋው ማዞር ጀመረ። አሮጌ ብረት ስለሆነ ለአንድ ሰው አይታዘዝም። እናቴ እንዝርቷን ለእኔ ሰጠችኝና ከሌላው ወገን ያዘች። እኔ ዳር ቆሜ አየኋቸው፤ ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ስለነበር ባናዋን በላይዋ ላይ አስተካከልኩላት።